የቀለም ልጅ፣ የእጅ ልጅ፦ ቴክኒክና ሙያ እንዴት የ"ወዳቂ" መጠለያ ሆነ?

ጥር 2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት ይፋ ሲሆን አገር ደነገጠ። ከ890 ሺህ በላይ ተፈታኞች ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 30 ሺህ ገደማ ብቻ ነበሩ። በመቶኛ ሲሰላ 3.3። በቀጣዩ ዓመት ቁጥሩ 3.2 ሆነ፤ ከዚያ በኋላ ባለው ዓመት 5.4 ደረሰ። ሰሞኑን ሁሉ በየቤቱ፣ በየታክሲው፣ በየሚዲያው አንድ ጥያቄ ይመላለስ ነበር፦ "የቀሩት ልጆችስ ምን ይሁኑ?"

መልሱ ሳይታሰብበት ከሁሉም አፍ ወጣ፦ "ቴክኒክና ሙያ ይግቡ።"

መልሱ ስሕተት አይደለም። ነገር ግን የተነገረበት ድምፅ መታየት አለበት። ለሠርግ ሳይሆን ለለቅሶ ቤት የሚሆን የማጽናኛ ድምፅ ነበር። ልጁ ዩኒቨርሲቲ ቢገባ ድግስ ይደገስ ነበር፤ ኮሌጅ ገብቶ ብየዳ ወይም የኤሌክትሪክ ዝርጋታ ቢማር ግን "ምን ይደረግ፣ ዝም ብሎ ከሚቀመጥ" ይባላል። ኢትዮጵያ የቧንቧ ሠራተኛ፣ የማሽን ባለሙያ፣ የግንባታ ፎርማን ስታጣ ትጮኻለች፤ እነዚህን ሰዎች የሚያወጣውን ተቋም ግን የወደቁ ልጆች ማቆያ አድርጋ ታያለች።

ይህ አመለካከት ከሰማይ አልወረደም። ታሪክ አለው። ግማሹ የጥንት ንቀት ነው፤ ግማሹ ደግሞ በወረቀትና በማኅተም፣ በፖሊሲ የተሠራ ነው። ሁለተኛው ግማሽ ብዙ ጊዜ ስለማይነገር ታሪኩን ከመነሻው ማየት ያስፈልጋል።

■ ባለጅና ቀለም ቀመስ

አማርኛ ራሱ ይመሰክራል። ትምህርትን "ቀለም" ይለዋል። የተማረ ሰው "ቀለም ቀመስ" ነው፤ "ፊደል የቆጠረ" ነው። ሕዝቡ ለትምህርት ያለውን ክብር ሲገልጽ "የተማረ ይግደለኝ" እስከ ማለት ደርሷል።

በእጁ የሚሠራውስ? "ባለጅ"፣ "ጠይብ"፣ "ቀጥቃጭ"፣ "ፋቂ" ተባለ። የሥራ መጠሪያዎች የነበሩት ቃላት ስድብ ሆነው ቀሩ። ማረሻ የሚቀጠቅጠው፣ ቆዳ የሚያለፋው፣ ሸማ የሚሸምነው፣ ምጣድና ማሰሮ የምትሠራው ሁሉ ሥራቸው በየጓዳው ገብቶ ሳለ እነሱ ግን ከማኅበሩ ዳር ተገፉ። "ቡዳ ነው" ተብለው ተፈሩ፤ ጋብቻ ተከለከሉ፤ በብዙ ቦታ የመሬት ርስት አላገኙም። በጎንደር አካባቢ የነበሩት ቤተ እስራኤላውያን አንዱ ምሳሌ ናቸው፦ ርስት ስለተነፈጉ ብረትና ሸክላ ሥራ መተዳደሪያቸው ሆነ፤ ብረትና ሸክላ መሥራታቸው ደግሞ ለተጨማሪ ንቀት ምክንያት ተደረገ።

ነገሥታቱ ይህ አገር እንደሚጎዳ አልጠፋቸውም። አፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት አውሮፓውያን ሚሲዮናውያን ባለሙያዎችን ሰብስበው መድፍ አስቀልጠዋል፤ ወጣት ኢትዮጵያውያንም አብረው እጃቸውን እንዲያፍታቱ አድርገዋል። ትልቁ ሴባስቶፖል የዚያ መንደር ውጤት ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ሲወድቁ ግን ጋፋትም አብሮ ቆመ። የእጅ ጥበብ በአንድ ንጉሥ ፍላጎት ላይ ተንጠልጥሎ ስለነበር ንጉሡን የሚተካ ተቋም አልነበረም።

ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በበኩላቸው ጥር 1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አስነገሩ። ብረት የሚሠራውን ጠይብ፣ የሚሸምነውን በሸማኔነቱ፣ የሚጽፈውን ጠንቋይ እያሉ መስደብ አገር የሚያጠፋ መሆኑን ገልጸው፣ ሰው ሁሉ የአዳምና የሔዋን ልጅ መሆኑን አስታውሰው፣ ተሳዳቢው እንደሚቀጣ አሳወቁ። ለዘመኑ ደፋር አዋጅ ነበር።

ይሁን እንጂ በዚያው ጊዜ አካባቢ የተከፈተው የመጀመሪያው ዘመናዊ ትምህርት ቤት፣ ዳግማዊ ምኒልክ፣ በዋናነት የውጭ ቋንቋ ማስተማሪያ ነበር። መንግሥት አስተርጓሚ፣ ጸሐፊና ዲፕሎማት ያስፈልገው ነበርና። አዋጁ ባለጁን አከበረ፤ ትምህርት ቤቱ ግን ቀለም ቀመሱን ሾመ። ሕዝብ ደግሞ ከአዋጅ ይልቅ ሹመትን ያያል።

■ ተግባረ ዕድ የተፈለገበት ዘመን

ከጣሊያን ወረራ በኋላ አገሪቱ እንደገና ስትቋቋም የጎደለው ነገር ግልጽ ነበር። መኪና አለ፤ ጠጋኝ የለም። የኤሌክትሪክ መስመር አለ፤ ቀጣይ የለም። ስለዚህ ከነጻነት በኋላ ከተከፈቱት ቀዳሚ ትምህርት ቤቶች አንዱ በ1934 ዓ.ም. የተመሠረተው የአዲስ አበባ ቴክኒክ ትምህርት ቤት ነበር። ዛሬም ድረስ አዲስ አበቤ የሚያውቀው "ተግባረ ዕድ" በሚለው ስሙ ነው። የእጅ ሥራ ማለት ነው፤ በግዕዝ ሲጠራ ግን ክብር አለው። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ ንግድ ሥራ ትምህርት ቤት ተከተለ፤ ሒሳብ መዝገብ አያያዝና የጽሕፈት ሥራ የሚማሩበት።

በዚያ ዘመን ተግባረ ዕድ መግባት ውድቀት አልነበረም። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ ሥራ ይጠብቃል። አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. በረራ ጀምሯል፤ አውራ ጎዳና በ1943 ተቋቁሟል፤ መብራት ኃይልና ቴሌ እየተስፋፉ ነው። እነዚህ መሥሪያ ቤቶች በብረት፣ በሽቦና በሞተር ቋንቋ የሚግባባ ሰው ይሻሙ ነበር። ተማሪው ደግሞ ወርክሾፕ ውስጥ ብቻ አልተዘጋም፤ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብና ሳይንስ ከሙያው ጎን ይማር ነበር። የማሽን መመሪያ ማንበብ፣ ሥዕለ ንድፍ መረዳት፣ ከውጭ ባለሙያ ጋር መነጋገር ይችላል። የቀለምና የእጅ ትምህርት በአንድ ግቢ፣ በአንድ ልጅ ውስጥ ተገናኝተው ነበር።

ከትምህርት ቤት ውጭም ተመሳሳይ ታሪክ ነበር። ድሬዳዋ የከተማነት ነፍስ የዘራችው በምድር ባቡሩ ወርክሾፕ ነው። እዚያ ያደገ መካኒክ በሰፈሩ የተከበረ፣ ፈረንሳይኛ የሚቀላቅል፣ ደመወዙ የታወቀ ሰው ነበር። "ቀጥቃጭ" ብሎ የሚሰድበው አልነበረም። የሚቀጠቅጠው ያው ብረት ነው፤ የተለወጠው ከጀርባው ያለው መሥሪያ ቤት፣ ደመወዝና የእድገት መሰላል ነው።

በ1940ዎቹና 50ዎቹ ይኸው መንፈስ ሰፋ። በ1947 ዓ.ም. የኢትዮ ስዊድን የሕንፃ ኮሌጅ ተከፈተ። በዚያው ዓመት ጎንደር ላይ የጤና ኮሌጅ ተቋቋመ፤ ሆስፒታል ቁጭ ብሎ በሽተኛ የሚጠብቅ ሳይሆን ገጠር ወርዶ የሚሠራ የጤና መኮንን፣ ነርስና የጤና ጠባቂ ለማውጣት። ጅማና አምቦ የእርሻ ትምህርት ቤቶች ነበሯቸው። በ1955 ዓ.ም. ደግሞ በሶቪየት ኅብረት ትብብር የባሕር ዳር ፖሊ ቴክኒክ ተከፈተ። የሚሰጡትን የሙያ ዘርፎች ማየት ብቻ ይበቃል፦ ጨርቃ ጨርቅ፣ የእርሻ መሣሪያ፣ ኢንዱስትሪያል ኬሚስትሪ፣ ኤሌክትሪክ፣ ብረታ ብረትና እንጨት ሥራ። ከትምህርት ቤቱ ብዙ ሳይርቅ ከጣሊያን በተገኘ የጦር ካሣ የተሠራው የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ነበር፤ ወደ ጢስ ዓባይ ወጣ ሲባል የኃይል ማመንጫው። ትምህርት ቤት፣ ፋብሪካና መብራት በአንድ ከተማ። ሊቀዳ የሚገባ አሠራር ነበር።

■ የካቲት 1966 እና "የድሀ ትምህርት" ፍርሃት

ታዲያ መቼ ተበላሸ? አንዱ መታጠፊያ ብዙ ጊዜ የሚረሳ ነው።

በ1964 ዓ.ም. የትምህርት ዘርፍ ጥናት፣ በእንግሊዝኛ ስሙ "ሴክተር ሪቪው"፣ ተካሄደ። አጥኚዎቹ ያዩት ችግር እውነት ነበር። ትምህርት ቤቶች በጥቂት ከተሞች ተከማችተዋል፤ አብዛኛው የገጠር ልጅ ደጃፋቸውን አልረገጠም፤ ከ12ኛ ክፍል የወጣው ደግሞ የቢሮ ሥራ ብቻ ይጠብቃል፤ ቢሮው ግን ሞልቷል። ያቀረቡት መፍትሔ በጥቅሉ ሲታይ ለብዙኃኑ አጭር፣ ወደ ተግባርና ወደ አካባቢ ኑሮ ያደላ የአራት ዓመት መሠረታዊ ትምህርት መስጠት፤ ከዚያ በላይ ያለውን ደግሞ በልክ መያዝ ነበር።

በወረቀት ላይ ምክንያታዊ ይመስላል። መምህራኑ፣ ተማሪዎቹና ወላጆቹ ግን ሌላ ነገር አነበቡ፦ የድሀ ልጅ አራት ዓመት ተምሮ ወደ እርሻውና ወደ እጅ ሥራው ይመለስ፤ የባለ ሥልጣንና የሀብታም ልጅ ዩኒቨርሲቲ ይግባ። የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. መምህራን አድማ መቱ። በዚያው ቀን የቤንዚን ዋጋ ያስመረራቸው የታክሲ ሹፌሮችም መኪናቸውን አቆሙ። በሳምንቱ ውስጥ መንግሥት የቤንዚኑን ዋጋ ቀነሰ፤ ጥናቱንም አዘገየ። ነገር ግን አብዮቱ ጀምሮ ነበር።

ይህን ታሪክ "ሕዝቡ የሙያ ትምህርት ጠላ" ብሎ ማሳጠር ይቀላል። ትክክል ግን አይሆንም። መምህሩና ወላጁ የጠሉት መጋዝና መዶሻ አልነበረም። የጠሉት የመሰላሉን መቆረጥ ነው። ልጃቸው አንዴ ወደ "ተግባር" መስመር ከገባ ተመልሶ ወደ ላይ የሚወጣበት በር እንደማይኖር ጠረጠሩ። ሌላው መንገድ ለነማን ክፍት እንደሚሆን ደግሞ በየቀኑ ያዩታል። የሙያ ትምህርት ከመደብ ጋር ሲያያዝ ማንም አይቀበለውም፤ ለሌላው ሰው ልጅ ብቻ ይመክረዋል።

ደርግም በበኩሉ ትምህርትን ከምርት ጋር ማዋሐድ የሚል መፈክር ነበረው፤ ፖሊ ቴክኒካዊ ትምህርት የሚለው ሐሳብ ከሶሻሊስት አገሮች መጣ። ጦርነት፣ ረሀብና የመሣሪያ እጥረት ባለበት አገር መፈክሩ ከግድግዳ ወደ ወርክሾፕ ብዙ አልወረደም።

■ ወንፊቱ፦ ከ1986 ዓ.ም. በኋላ

ዛሬ ያለው ትውልድ ስለ ቴክኒክና ሙያ ያለውን ስሜት ከሁሉ በላይ የቀረጸው የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ነው። ፖሊሲው አጠቃላይ ትምህርትን 10ኛ ክፍል ላይ አቁሞ መንገዱን ለሁለት ከፈለው፦ አንዱ ወደ መሰናዶና ዩኒቨርሲቲ፣ ሌላው ወደ ቴክኒክና ሙያ። በመርሕ ደረጃ ሁለቱም እኩል መንገዶች ነበሩ።

በተግባር ግን የሚለያያቸው የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ሆነ። ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ከፍ ያለ ነጥብ ያመጣው መሰናዶ ገባ፤ የቀረው "10 ሲደመር 1"፣ "10 ሲደመር 2"፣ "10 ሲደመር 3" ተብሎ ተደለደለ። ልጁ መካኒክ መሆን ፈልጎ ሳይሆን መሰናዶ ስላልደረሰው ነው አውቶ መካኒክ የገባው። አንዳንዴም የገባበትን ዘርፍ ስም የሰማው ምዝገባ ቀን ነው። በአንድ የፈተና ወረቀት ምክንያት አገሪቱ ለአሥራ አምስትና አሥራ ስድስት ዓመት ልጆች ሁለት ስም ሰጠች፦ "ያለፈ" እና "ቴክኒክ የደረሰው"።

ልብ መባል ያለበት፣ በዚያው ወቅት መንግሥት ለቴክኒክና ሙያ ከዚያ በፊት ያልታየ ትኩረት መስጠቱ ነው። ኮሌጆች በየክልሉና በየዞኑ ተከፈቱ። በ1996 ዓ.ም. ራሱን የቻለ የቴክኒክና ሙያ አዋጅ ወጣ፤ በ2000 ዓ.ም. በጀርመን ልምድ በብዙ የተቃኘ ብሔራዊ ስትራቴጂ ተከተለ። "10 ሲደመር" ቀርቶ ከደረጃ 1 እስከ 5 የሚል አደረጃጀት መጣ፤ ተማሪው "ሠልጣኝ"፣ መምህሩ "አሠልጣኝ" ተባለ፤ ኮሌጁ ሰርተፊኬት ቢሰጥም ብቃቱን የሚመዝን የተለየ ማዕከል ተቋቋመ። ወጣቱ "ሲኦሲ" የሚለው ፈተና ማለት ነው። ዓላማው ትክክል ነበር፦ ስንት ዓመት ተቀመጥክ ሳይሆን ምን መሥራት ትችላለህ ብሎ መጠየቅ።

ችግሩ ከሦስት ወገን መጣ። አንደኛ፣ ኮሌጅ ከመሣሪያ ቀድሞ ተከፈተ፤ ብየዳ የሚማር ልጅ በቂ ኤሌክትሮድ ካላገኘ የሚማረው ስለ ብየዳ እንጂ ብየዳ አይደለም። ሁለተኛ፣ ሥልጠናው በአብዛኛው ከድርጅቶች ጋር በትብብር እንዲሰጥ ቢታሰብም፣ አብዛኛው የኢትዮጵያ ድርጅት አነስተኛ ጋራዥ ወይም የቤተሰብ ወርክሾፕ ነው፤ ሠልጣኝ ተቀብሎ የሚያስተምርበት ጊዜም ጥቅምም አልነበረውም። ሦስተኛውና ዋናው፣ የቀለሙ ትምህርት ተሸረሸረ። ብቃት በዝርዝር ተግባር ሲለካ ሒሳብ፣ ፊዚክስና ቋንቋ "ንድፈ ሐሳብ" ተብለው ወደ ጠርዝ ተገፉ። ተግባረ ዕድ በቀደመው ዘመን አንድ ላይ ያሰራቸው ሁለት ነገሮች ተለያዩ።

በጎን ደግሞ ዩኒቨርሲቲ እንደ አሸን ፈላ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ በጣት የሚቆጠሩ የነበሩት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ዛሬ ከ40 በላይ ናቸው። ለአንድ ወላጅ መልእክቱ ግልጽ ነበር፦ መንግሥት በአፉ ስለ ሙያ ይሰብካል፤ በእጁ ግን ዩኒቨርሲቲ ይገነባል።

■ ሁለት አቅጣጫ ያለው ጉዞ

የአገሪቱን እውነተኛ ሚዛን ለማየት የሕንፃዎችን ታሪክ መከተል ይበቃል።

የባሕር ዳር ፖሊ ቴክኒክ ዛሬ የት አለ? በ1992 ዓ.ም. ከመምህራን ኮሌጁ ጋር ተዋሕዶ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሆነ። የጎንደር ጤና ኮሌጅ? ጎንደር ዩኒቨርሲቲ። የጅማና የአምቦ እርሻ ትምህርት ቤቶች? ዩኒቨርሲቲ። በ1980ዎቹ አጋማሽ የተከፈተው የናዝሬት ቴክኒክ ኮሌጅም የቴክኒክ መምህራን ማሠልጠኛ ሆነ፤ በ1998 ዓ.ም. አዳማ ዩኒቨርሲቲ ተባለ፤ ቀጥሎ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ። እያንዳንዱ ተቋም ሲያድግ አገሪቱ ተጠቅማለች፤ ይህን መካድ አይቻልም። ነገር ግን "ማደግ" ማለት ሁልጊዜ ከሙያ ወደ ቀለም መሄድ ሆነ። ጠንካራ ቴክኒክ ኮሌጅ ሆኖ፣ ቴክኒክ ኮሌጅ እንደሆነ፣ ምርጥ መሆን የሚባል ነገር አልነበረም።

በተቃራኒው አቅጣጫስ? በ1917 ዓ.ም. የተከፈተው፣ ሚኒስትሮችን ያፈራው ተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ዛሬ እንጦጦ ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ ይገኛል። የጄኔራል ዊንጌት ስመ ጥር ትምህርት ቤትም ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ ሆኗል። ይህ በራሱ ክፉ አይደለም፤ እንዲያውም የቀለም ቤተ መንግሥት ለእጅ ሥራ መከፈቱ የምኒልክን አዋጅ የሚፈጽም ሊመስል ይችላል። የቀድሞ ተማሪዎች ግን ይህን የሚያወሩት በኩራት ሳይሆን በቁጭት ነው። "ያ ሁሉ ስም ያለው ትምህርት ቤት ቴክኒክ ሆኖ ቀረ" ይላሉ። "ሆኖ ቀረ" የሚለው ሐረግ ሁሉን ይናገራል።

■ ንቀት ነው ወይስ ስሌት?

ብዙ ተናጋሪዎች ችግሩን "የአመለካከት ችግር" ይሉታል። ወጣቱ ሥራ ይንቃል፣ ወላጁ ነጭ ኮሌታ ያመልካል፣ ስለዚህ ግንዛቤ እናስጨብጥ ይላሉ።

በ1965 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ፊሊፕ ፎስተር የተባለ ተመራማሪ ስለ ጋና የጻፈው ይህን አባባል ይፈትነዋል። የቅኝ ገዢዎቹም ሆኑ የነጻው መንግሥት ባለሥልጣናት የጋና ወጣት የእጅ ሥራና እርሻ የሚጠላው ትምህርት ቤቱ ስላበላሸው ነው ይሉ ነበር። ፎስተር ተቃራኒውን አሳየ። ወጣቱ ገበያውን በትክክል አንብቧል፤ የተሻለ ደመወዝና የተረጋጋ ሥራ የሚያስገኘው የቀለም ትምህርት ስለነበር፣ ለእሱ "የሙያ ትምህርት" ማለት ያ ነበር። ሥርዓተ ትምህርት በመለወጥ ብቻ የሰውን ምርጫ መለወጥ አይቻልም፤ የሚለወጠው ሽልማቱ ሲለወጥ ነው።

ለዚህ ከኢትዮጵያ የተሻለ ማስረጃ አያስፈልግም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የአውሮፕላን ጥገና ሥልጠና ማስታወቂያ ሲወጣ ምን ይሆናል? ከፍተኛ ውጤት ያመጡ ልጆች ሳይቀሩ ይጋፉለታል። ሥራው እኮ ቱታ ለብሶ፣ ዘይት ነክቶ፣ ቁልፍ ይዞ ማደር ነው። ማንም "ቀጥቃጭ ልትሆን ነው" አይለውም። ያው ማኅበረሰብ፣ ያው ቋንቋ፣ ያው "የተማረ ይግደለኝ" ባይ ቤተሰብ ነው። ልዩነቱ የመግቢያ መስፈርቱ ከፍ ያለ መሆኑ፣ ሥልጠናው ጠንካራ የሒሳብ፣ የፊዚክስና የእንግሊዝኛ መሠረት መጠየቁ፣ የምስክር ወረቀቱ በዓለም መከበሩ፣ ከዚያም ደረጃ በደረጃ የሚወጣበት መሰላል መኖሩ ነው።

ስለዚህ ጥንታዊው ንቀት አለ፤ ግን ብቻውን አይገዛም። ደመወዝ፣ መሰላልና የትምህርት ጥራት ባሉበት ንቀቱ ይሸነፋል። እነሱ በሌሉበት ደግሞ ንቀቱ የሚያድርበት ቤት ያገኛል።

■ የዛሬው ዕድል

አሁን ነገሩ እንደገና ተቀይሯል። በ2010 ዓ.ም. ይፋ የሆነውን የትምህርት ፍኖተ ካርታ ተከትሎ የ10ኛ ክፍሉ ፈተና ቀርቷል። በ2014 ዓ.ም. ዘርፉ ወደ ሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ተዛውሯል። ወንፊቱ ግን አልጠፋም፤ ከ10ኛ ወደ 12ኛ ክፍል ተገፋ እንጂ። እንዲያውም ጠበበ። በአንድ ዓመት ከ800 ሺህ በላይ ወጣት "አላለፍክም" ሲባልና በዚያው ትንፋሽ "ቴክኒክ ግባ" ሲባል፣ የ1966ቱ ፍርሃትና የ1990ዎቹ ስም አብረው ይመለሳሉ።

በተመሳሳይ ጊዜ የሙያው ዓለም ከምንጊዜውም በላይ ቀለም እየጠየቀ ነው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ አዲስ አበባ በኤሌክትሪክ መኪና እየተሞላች ነው። ፒስተንና ካርቡሬተር ብቻ የተማረ መካኒክ ፊቱ የሚቆመው ከፍተኛ ቮልቴጅ ያለው ባትሪ፣ ሶፍትዌርና በእንግሊዝኛ ወይም በቻይንኛ የተጻፈ መመሪያ ነው። የኤሌክትሪክ መሠረታዊ ሕግ ያልገባው ሰው እዚያ ሞተር ብቻ ሳይሆን ነፍሱንም ያጣል። በሌላ በኩል መሠረቱን በደንብ የተማረ ልጅ በአጭር የማሻሻያ ሥልጠና ይሻገራል። ቀለም ለባለሙያው ቅንጦት ሳይሆን የሥራ ዕድሜው ዋስትና ነው።

ወደ ዓረብ አገር ለሥራ የሚሄዱትም የዚሁ ታሪክ አካል ናቸው። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የውጭ አገር የሥራ ስምሪት አዋጅ የብቃት ማረጋገጫን ስለጠየቀ፣ ኮሌጆች የቤት አያያዝና የእንክብካቤ ሥልጠና ይሰጣሉ። አንዲት ወጣት ማሽን መክፈት ብቻ ተምራ ከሄደችና ውል ማንበብ፣ ቋንቋ መናገር፣ መብቷን ማወቅ ተምራ ከሄደች እኩል አይደለችም። የመጀመሪያዋ ጉልበት ትሸጣለች፤ ሁለተኛዋ ሙያ።

ታሪኩ የሚያስተምረው ቢያንስ ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ቴክኒክ ኮሌጅ የወደቁት ብቻ የሚላኩበት እስከሆነ ድረስ ማንም አያከብረውም። ጥሩ ውጤት ያላቸው ልጆችም መርጠው የሚወዳደሩባቸው የሥልጠና ዘርፎች ሊኖሩት ይገባል። ሁለተኛ፣ መሰላሉ ክፍት መሆን አለበት። ደረጃ 4 የጨረሰ ጎበዝ ኤሌክትሪሺያን ወደ ምሕንድስና ዲግሪ የሚገባበት መንገድ ጠባብ የጓሮ በር ሳይሆን የታወቀ ዋና በር ይሁን። ይህ ሲሆን ወላጁ የልጁን ተስፋ የቀበረ አይመስለውም። ሦስተኛ፣ በአንድ ኮሌጅ ውስጥ የሙያና የቀለም ኮርሶች ጎን ለጎን ይሰጡ። ሠልጣኙ ጠዋት ወርክሾፕ፣ ከሰዓት ሒሳብና ቋንቋ ቢማር ተግባረ ዕድ ቀድሞ የሠራውን መድገም እንጂ አዲስ ነገር መፍጠር አይሆንም።

"የቀለም ኮርስ ሲበዛ ሠልጣኙ ከእጅ ሥራው ይዘናጋል፣ ኮሌጁም ነገ ዩኒቨርሲቲ ልሁን ይላል" የሚል ተቃውሞ አለ። ከባድ ተቃውሞ ነው፤ ባሕር ዳርና አዳማ የሆኑት ይኸው ነውና። ነገር ግን እነዚያ ተቋማት የሄዱት ሒሳብ ስላስተማሩ አይደለም። በጀት፣ የመምህር ደመወዝ፣ የፕሬዚዳንት ማዕረግና የመሬት ስፋት የሚሰጠው ለዩኒቨርሲቲ ብቻ ስለነበር ነው። ኮሌጁ ኮሌጅ ሆኖ የሚከበርበት ሥርዓት ካለ፣ ፊዚክስ ማስተማሩ ወደ ሌላ ስም አያሰድደውም።

አማርኛ ለቀለም ብዙ ክብር ቢሰጥም አንድ ሌላ አባባልም አለው፦ "ሙያ በልብ ነው።" የጥንቱ ሰው ሙያን ከእጅ አውጥቶ ልብ ውስጥ ያስቀመጠው ያለ ምክንያት አይደለም። እጅ የሚሠራውን የሚያስበው ልብ ነውና። ከጋፋት እስከ ተግባረ ዕድ፣ ከተግባረ ዕድ እስከ ዛሬው ኮሌጅ፣ አገሪቱ የተጠቀመችው ሁለቱ በአንድ ሰው ውስጥ ሲገናኙ ነው፤ የከሰረችውም ሁለቱን ለያይታ አንዱን ለሠርግ፣ ሌላውን ለለቅሶ ስታደርግ።

በመጪው የፈተና ውጤት ቀን "ቴክኒክና ሙያ ይግቡ" የሚለው ቃል እንደገና ይነገራል። ጥያቄው መነገሩ አይደለም። ተናጋሪው ባለሥልጣን፣ ተናጋሪው ሐኪም፣ ተናጋሪው ጋዜጠኛ ይህን ምክር ለራሱም ልጅ ሳይሸማቀቅ የሚሰጥበት ኮሌጅ ተሠርቷል ወይ የሚለው ነው።